የጥበብ ድጎማ በአራት አገር፦ ለትንሽ ማኅበር የትኛው በር ይሻላል?

አንድ ሥራ እንውሰድ። አሥራ ሁለት ልጆች ለስድስት ወር መሰንቆና ክራር ይማራሉ። መጨረሻ ላይ አዳራሽ ተከራይቶ ኮንሰርት ይቀርባል፤ ለእሱም ከአዲስ አበባ አንድ አዝማሪ በእንግድነት ይመጣል። ጠቅላላ ወጪው 20,000 ነው፤ ፓውንድም በሉት፣ ዩሮም፣ ዶላርም። ይኸው ሥራ ለንደን፣ ፍራንክፈርት፣ ፓሪስ ወይም ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቢታሰብ የሚንኳኳው በር፣ የሚሞላው ፎርምና ገንዘቡ እጅ የሚገባበት ቀን ለየቅል ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በውጭ አገር ለሚንቀሳቀሱ አነስተኛ የኪነት ማኅበራትና በግል ለሚሠሩ ከያንያን የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ማነጻጸር የሚጀምረው ከጠቅላላ በጀት ነው። የአሜሪካው ፌደራል የኪነ ጥበብ ተቋም፣ ናሽናል ኢንዶውመንት ፎር ዘ አርትስ (ከዚህ በኋላ ኤንኢኤ)፣ በ2024 የነበረው 207 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለአንድ ነዋሪ ሲካፈል 60 ሳንቲም ያህል ይደርሰዋል። ጀርመን በ2020 በሁሉም የመንግሥት እርከን ለባህል ያወጣችው ደግሞ 14.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ፣ ማለትም በነፍስ ወከፍ ከ170 ዩሮ በላይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አሜሪካ ለጥበብ ደንታ የላትም ማለት ይቀላል። ይሁን እንጂ አንዱ የአንድ መሥሪያ ቤት ቁጥር ነው፣ ሌላው የመላ አገር። የጀርመኑ ውስጥ ሙዚየሙም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ የኦፔራ ቤቱ የመብራት ሂሳብም ተደምሯል። በአሜሪካው ውስጥ የስቴቱ፣ የካውንቲውና የከተማው ገንዘብ የለም፤ ባለጸጎች ለሙዚየም ሲለግሱ መንግሥት የሚተውላቸው ግብርም አልተቆጠረም።

አመልካች ሊያወዳድር የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ማን ይወስናል? ውሳኔው በየትኛው እርከን ነው፤ በአገር፣ በክልል ወይስ በከተማ? ገንዘቡስ ከሥራው በፊት ይመጣል ወይስ ደረሰኝ ከቀረበ በኋላ? ሁለቱን የመጀመሪያ ጥያቄዎች ብዙዎች ያነሷቸዋል። ማኅበር ሲያፈርስ የሚታየው ግን ሦስተኛው ነው፤ ድጎማ ተፈቅዶለት ለአዳራሽ ቀብድ አጥቶ የተበተነ ቡድን ጥቂት አይደለም።

እንግሊዝ፦ ግለሰብም ያመለክታል

ዋናው በር አርትስ ካውንስል ኢንግላንድ፣ ማለትም የእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት፣ ነው። በ1946 የተቋቋመው የታላቋ ብሪታንያ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት በ1994 ተከፋፍሎ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸውን ይዘዋል፤ ሰሜን አየርላንድም የራሱ አለው። ስለዚህ ግላስጎ ወይም ካርዲፍ ያለ ቡድን ወደዚያው አገር ተቋም ይጽፋል እንጂ ወደዚህኛው አይደለም።

በአሠራሩ መንግሥት ገንዘቡን ይመድባል፤ ለየትኛው ቲያትር ወይም ለየትኛው ሙዚቀኛ ይሰጥ የሚለውን ምክር ቤቱ ይወስናል። ሚኒስትሮች ፈጽሞ እጃቸውን አያስገቡም ማለት ግን አይደለም። በ2022 መንግሥት ገንዘቡ ከለንደን ወደ ሌሎች አካባቢዎች እንዲሄድ መመሪያ ሰጠ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ኢንግሊሽ ናሽናል ኦፔራ ከመደበኛ ተደጓሚዎች ዝርዝር ወጣ፤ ከለንደን ውጭ ለመቋቋሚያ በሦስት ዓመት የሚከፈል 17 ሚሊዮን ፓውንድ ቀረበለት፤ ከብዙ ውዝግብ በኋላም ማንችስተርን መረጠ። ይህ የትልልቆች ጠብ ቢመስልም ለትንሽ ማኅበርም ትርጉም አለው። ምክር ቤቱ ቅድሚያ የሚሰጣቸው 54 ቦታዎች ዝርዝር አለው። ለንደን ተቀምጣችሁ ከእነዚህ ቦታዎች በአንዱ ካለ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ጋር የምትሠሩ ከሆነ ማመልከቻው ላይ በግልጽ ጻፉት። በስም ብቻ የተለጠፈ አጋር ግን አያዋጣም፤ ገምጋሚው ደብዳቤውን አንብቦ የአጋሩ ድርሻ ምን እንደሆነ ካልገባው ነጥቡ ይወርዳል።

ለእኛ ምሳሌ የሚስማማው ናሽናል ሎተሪ ፕሮጀክት ግራንትስ የሚባለው ነው። ከ1,000 ፓውንድ ጀምሮ ይጠየቃል፤ እስከ 30,000 ያለው ፎርም አጠር ይላል፤ በመደበኛ አሠራሩ ቋሚ የመዝጊያ ቀን የለውም። ከጠቅላላ ወጪው ቢያንስ 10 በመቶ ከሌላ ምንጭ መምጣት አለበት፤ በዓይነት የተገኘም ይቆጠራል። በ20,000ው ሂሳብ እንየው። ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሹን በነጻ ሰጥቶ ኪራዩ 1,200 ቢገመት፣ ከትኬት 800 ቢጠበቅ፣ 2,000 ሞላ ማለት ነው፤ 18,000 ይጠየቃል። የአዳራሹ ግምት የአካባቢው እውነተኛ ኪራይ መሆን አለበት፤ ገምጋሚዎቹ የየሰፈሩን ዋጋ ያውቁታልና።

የእኛ ሰዎች እዚህ ላይ ደጋግመው የሚሳሳቱት በክፍያ ነው። «መምህሩ ለማኅበረሰቡ ሲል በነጻ ያስተምራል» ብሎ መጻፍ እኛ ዘንድ ያስመሰግናል፤ እዚያ ጥያቄ ያስነሳል። ምክር ቤቱ ባለሙያ በሙያ ማኅበራት ተመን እንዲከፈለው ይጠብቃል። ስለዚህ የመሰንቆ መምህሩን ሰዓት በተመኑ አስልታችሁ በጀት ውስጥ አስገቡ። ሌላው የባንክ ሂሳብ ነው፤ ሂሳቡ በአመልካቹ ትክክለኛ ስም ካልሆነ ገንዘቡ አይለቀቅም። በሊቀመንበሩ የግል ሂሳብ የሚሠራ ማኅበር መጀመሪያ ይህን ያስተካክል። ከውሳኔው በፊት ለወጣ ወጪም አይከፈልም።

ዴቨሎፒንግ ዮር ክሪኤቲቭ ፕራክቲስ የተባለው ሌላው መስኮት ከ2,000 እስከ 12,000 ፓውንድ ለግለሰብ ከያኒ ይሰጣል። ይህ ገንዘብ ለከያኒው ጊዜ፣ ጥናት፣ ጉዞና መካሪ የሚከፍል ነው እንጂ ለልጆች ትምህርት ቤት አይደለም። የማኅበሩን ዕቅድ በዚህ መስኮት ማስገባት ማመልከቻውን ገና ከበሩ ያስመልሳል።

ጀርመን፦ ገንዘቡም ብዙ፣ ደንቡም ብዙ

ብሔራዊ ቴአትርን ወይም ሀገር ፍቅርን በውስጥ ለሚያውቅ ሰው የጀርመን ሥርዓት ባዕድ አይሆንበትም። ሕንጻው የመንግሥት፣ ተዋናዩ ደመወዝተኛ፣ ትርኢቱ ዓመቱን ሙሉ። እንዲህ ያሉ ወደ 140 የሚጠጉ የሕዝብ ቲያትሮች አሉ። ከገንዘቡ ብዙው የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። ከእነሱ ውጭ ያለው፣ ጀርመኖች «ፍራየ ስሴነ» የሚሉት ነጻ ባለሙያ፣ በተረፈው ይሻማል። የኛ ማኅበር የሚሰለፈው እዚህ ወረፋ ላይ ነው።

ባህል በሕገ መንግሥቱ የክልሎች ጉዳይ ነው። ከተሞችና ክልሎች አንድ ላይ ከአራት እጅ ሦስት እጅ የሚበልጠውን ወጪ ይሸፍናሉ፤ ፌደራሉ የባህል ኃላፊ የሾመው እንኳ በ1998 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ከተማው የባህል ጽሕፈት ቤት፣ ወደ «ኩልቱርአምት» ነው። ሃለ ከተማ ያለው የፌደራሉ የባህል ፋውንዴሽን (በ2002 የተቋቋመው) ስሙ ትልቅ ስለሆነ ብዙዎች ከእሱ ይጀምራሉ፤ አጠቃላይ የፕሮጀክት ድጋፉ ግን ከ50,000 ዩሮ በታች የሆነ ጥያቄ አይቀበልም። የ20,000ው ሥራ ቦታው እዚያ አይደለም።

የት ክልል እንደምትኖሩም ለውጥ ያመጣል። በአብዛኛው ጀርመን ባህል ለከተሞች የውዴታ ወጪ ነው፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ሳክሶኒ ግን ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ ሕግ ባህልን የከተሞችና የወረዳዎች ግዴታ አድርጋዋለች። ክልሉ በአምስት የገጠርና በሦስት የከተማ (ድሬስደን፣ ላይፕዚግ፣ ከምኒትዝ) የባህል ቀጠናዎች ተከፍሏል፤ ወረዳዎቹ ያዋጣሉ፣ ክልሉ ይጨምራል፣ የገንዘቡን ድልድል ቀጠናው ራሱ ይወስናል። ከተማ ብቻውን የማይችለውን ኦርኬስትራ ጎረቤት ወረዳም ይሸከመዋል ማለት ነው። በክልል የባህል ፖሊሲ ከማውቃቸው ሁሉ በደንብ የታሰበበት ይህ ይመስለኛል። በአንጻሩ በርሊን፣ ስንት ከያኒ የተሰበሰበባት ከተማ፣ ለ2025 ብቻ ወደ 130 ሚሊዮን ዩሮ ከባህል በጀቷ ቀንሳለች።

አሁን ወደ ደንቡ። ገንዘቡ የተፈቀደበት ደብዳቤ ሲመጣ ከመጠኑ በፊት የድጎማውን ዓይነት ፈልጉ። ሦስት ስም አለ። «ፌስትበትራግስፊናንሲሩንግ» ከሆነ ቁርጥ ያለ መጠን ነው። «አንታይልፊናንሲሩንግ» የወጪው መቶኛ ነው። «ፌልበዳርፍስፊናንሲሩንግ» ከሆነ ግን ጉድለት መሙያ ነው፤ ጉድለቱ ካነሰ ድጎማውም ያንሳል። በኛ ሂሳብ እንሞክረው። ወጪ 20,000፣ ከትኬትና ከመዋጮ የታቀደ ገቢ 4,000፣ ድጎማ 16,000። ኮንሰርቱ ሰምሮለት ትኬቱ ከዕቅዱ በ1,500 ዩሮ በልጦ ተሸጠ እንበል። ያ 1,500 የማኅበሩ ትርፍ አይደለም፤ ድጎማው ወደ 14,500 ይወርዳል፤ ቀድሞ የተወሰደ ከሆነም ይመለሳል። ይህን ሳያውቁ በትርፉ ለቀጣዩ ዓመት ክራር የገዙ ማኅበራት ከኪሳቸው ከፍለዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ቀድሞ መጀመር ነው። ድጎማው ከመፈቀዱ በፊት የአዳራሽ ወይም የሙዚቀኛ ውል መፈረም ሥራውን እንደ መጀመር ይቆጠራል፤ ከተቆጠረም ድጎማው ይከለከላል። አዳራሹ እንዳያመልጥ ከተፈራ «ፎርጻይቲገር ማስናመበጊን»፣ ማለትም ቀድሞ ለመጀመር ፈቃድ፣ በጽሑፍ ይጠየቃል። ፈቃዱ ቢገኝም የገንዘብ ተስፋ አይሆንም፤ ድጎማው ቢቀር ኪሳራው የማኅበሩ ነው።

ሦስተኛው የአከፋፈሉ ነገር ነው። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ተጠቃልሎ አይለቀቅም። እንደ ውሳኔው በሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት ወይም ሁለት ወራት ውስጥ የሚከፈለውን ብቻ ነው መጠየቅ የሚቻለው፤ ቀድሞ ተወስዶ ሂሳብ ላይ የተኛ ገንዘብ ወለድ ያስጠይቃል። ሥራው ሲያልቅ ሂሳብ ይወራረዳል፤ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ፣ በትረካ ሪፖርትና በቁጥር ዝርዝር። የማወራረጃው ዝርዝር መጀመሪያ ከቀረበው በጀት ጋር መስመር በመስመር መመሳሰል ስላለበት፣ በጀቱን ስትሠሩ «ልዩ ልዩ» የሚል ረድፍ አታብዙ።

አርቲስቶች ጀርመንን የሚመርጡበት አንድ ምክንያት ከድጎማም በላይ ኩንስትለርሶዚያልካሰ ነው፤ በ1983 ሥራ የጀመረ የከያንያን ማኅበራዊ ዋስትና ነው። በግሉ የሚሠራ ሙዚቀኛ ወይም ሠዓሊ የጤናና የጡረታ መዋጮውን ግማሽ ብቻ ይከፍላል፤ ሌላውን ግማሽ ፌደራል መንግሥትና ጥበብ የሚገዙ ድርጅቶች ይሸፍኑታል። ከጥበብ ሥራው በዓመት ቢያንስ 3,900 ዩሮ ማግኘቱን ማሳየት ይጠበቅበታል። ጥበብ ገዢው በአንጻሩ ለከያኒ ከሚከፍለው ላይ መዋጮ ይጨምራል፤ በ2025 5 በመቶ ነበር። ዝግጅት በመደበኛነት የሚያካሂድ ማኅበርም ገዢ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

ፈረንሳይ፦ አርቲስቱ ሠራተኛ ነው

የፈረንሳይ የባህል ሚኒስቴር በ1959 ተቋቁሞ በአንድሬ ማልሮ የተመራ ነው። ከ1977 ጀምሮ በየክልሉ «ድራክ» የሚባል የሚኒስቴሩ ቅርንጫፍ አለ። ይህ ከጀርመን ይለያል፤ ድራክ የክልሉ ምክር ቤት ታዛዥ ሳይሆን ፓሪስ በክልሉ ያስቀመጠችው ዓይንና እጅ ነው። የክልሉ ምክር ቤት፣ ዴፓርትማው (ከክልል በታች ያለው አውራጃ) እና ከተማው ደግሞ የየራሳቸው ገንዘብ አላቸው፤ በ2015ቱ ሕግ ባህል የሁሉም እርከኖች የጋራ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ፈረንሳዮች አንድን ሥራ በሦስትና በአራት ወገን ያስደጉማሉ። ያልተገላበጠ ያራል እንዲሉ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተንጠለጠለ ቡድን አደጋ ላይ ነው፤ በ2024 መጨረሻ የፔይ ደ ላ ሏር ክልል የባህል ድጎማውን አብዛኛውን ሲያጥፍ ብዙ ማኅበራት በአንድ ሌሊት ራቁታቸውን ቀርተዋል።

ማኅበሩ በ1901ዱ ሕግ መሠረት ይመዘገባል፤ ይህ ቀላል ነው። የድጎማ መጠየቂያው የጋራ ፎርም፣ ሰርፋ 12156፣ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ተቀባይነት አለው። በፎርሙ ላይ ወጪና ገቢ እኩል መምጣት አለባቸው፤ አንድ ዩሮ እንኳ ካልገጠመ ይመለሳል። የበጎ ፈቃደኞች ሥራና በነጻ የተገኘ አዳራሽ ከዋናው ድምር በታች በሂሳብ ቁጥር 86 እና 87 ይጻፋሉ፤ እነሱም እኩል ለእኩል። ብዙዎች የነጻውን አዳራሽ ከገንዘቡ ጋር ደምረው ሂሳቡን ያበላሻሉ።

የፈረንሳይ ዋናው ነገር ግን ያለው ከድጎማው ውጭ ነው። በሠራተኛ ሕጉ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚከፈለው አርቲስት ተቀጣሪ ነው ተብሎ ይገመታል። ፋክቱር (የክፍያ መጠየቂያ) ጽፎ ወይም ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ተቀብሎ መሄድ የለም፤ የተደበቀ ሥራ ተብሎ ያስቀጣል። ለ200 ዩሮ ደመወዝ የአሠሪው መዋጮ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር 300 ገደማ በጀት ይያዛል። ዋና ሥራው ትርኢት ያልሆነ ማኅበር (የኛው የመሰንቆ ትምህርት ቤት ለምሳሌ) ጉሶ በሚባለው የአንድ መስኮት አገልግሎት ውልና መዋጮውን ባንድ ላይ ይጨርሳል፤ በዓመት እስከ ስድስት ትርኢት ያለ ሙያ ፈቃድም ያቀርባል። ሰባተኛው ላይ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለአርቲስቱ ይህ ቀጥተኛ ጥቅም አለው። በ12 ወር ውስጥ 507 ሰዓት የሠራ የመድረክ ሰው በሥራዎቹ መካከል የሥራ አጥ አበል ይከፈለዋል። አንድ ካሼ፣ ማለትም በትርኢት የሚከፈል አንድ ክፍያ፣ እንደ 12 ሰዓት ይቆጠራል፤ ስለዚህ 43 ካሼ ይበቃል። በእጅ የተቀበለው ክፍያ ግን ከ43ቱ አይቆጠርም። አንድ የሠርግ ባንድ ክራር ተጫዋች በዓመት ስልሳ ቦታ ተጫውቶ ሰዓቱ ሳይሞላ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሜሪካ፦ አድራሻችሁ ይወስናል

ኤንኢኤ በ1965 ተቋቋመ። ከሚሰጠው ገንዘብ 40 በመቶው በሕግ ወደ ስቴትና ወደ ክልላዊ የጥበብ ተቋማት ይሄዳል፤ ስድስት ክልላዊ ተቋማትና 56 የስቴትና የግዛት መሥሪያ ቤቶች ይቀበሉታል። ለግለሰብ መስጠቱን፣ ከሥነ ጽሑፍና ከክብር ሽልማቶች በቀር፣ ኮንግረስ በ1990ዎቹ አጋማሽ አስቁሞታል። ለድርጅት የሚሰጠው የፕሮጀክት ድጋፍ ትንሹ 10,000 ዶላር ሲሆን አቻ መዋጮ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ዶላር አንድ ዶላር ከሌላ ምንጭ፣ ይጠይቃል። የ20,000ው ሥራችን በትክክል የመጨረሻው ወለል ላይ ነው፤ 10,000 ከኤንኢኤ፣ 10,000 ከሌላ። ያም ሌላ የፌደራል ገንዘብ ሊሆን አይችልም። አመልካቹ በ501(ሲ)(3)፣ ማለትም ከግብር ነጻ በሆነ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅትነት፣ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ በሌላ ድርጅት ጥላ ሥር ማመልከትም ፌደራሉ ዘንድ አይሠራም። ከዚህ በላይ በሜይ 2025 ብዙ የተፈቀዱ ድጋፎች በኢሜይል ተሰርዘዋል። ለትንሽ ማኅበር ፌደራሉ መጨረሻ የሚኬድበት እንጂ መጀመሪያ የሚንኳኳ በር አይመስለኝም።

መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ቅርብ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለው ሐበሻ በሦስት መንግሥት ተከፋፍሎ ይኖራል። የዲሲው የጥበብ ኮሚሽን ለግለሰብ ከያንያን ፌሎውሺፕ ይሰጣል፤ ግን ለዲሲ ነዋሪ ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ ዲሲ ውስጥ ዩ ስትሪት ላይ በየሳምንቱ የሚጫወት ሙዚቀኛ አይገባም፤ የእሱ በሮች ሞንትጎመሪ ካውንቲና የሜሪላንድ ስቴት የጥበብ ምክር ቤት ናቸው። አሌክሳንድሪያ ያለው ወደ ከተማውና ወደ ቨርጂኒያ ኮሚሽን ይሄዳል። የሥራ ቦታ ሳይሆን የመኖሪያ አድራሻ ነው የሚቆጠረው፤ የኪራይ ውልና የግብር ወረቀት ይጠየቃል።

ለመሰንቆ፣ ለክራር፣ ለበገና መምህር አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው መስኮት አለ። ብዙ ስቴቶች የባህላዊ ጥበብ «አፕረንቲስሺፕ» ድጋፍ አላቸው፤ አንድ ሊቅና አንድ ተማሪ ጥንድ ሆነው ያመለክታሉ፣ ገንዘቡ ለትምህርቱ ሰዓት ይከፈላል። ሜሪላንድ ውስጥ «ሜሪላንድ ትራዲሽንስ» በተባለው ክፍል ነው የሚካሄደው። ድርጅት አያስፈልግም። የሚፈለገው መምህሩ ሙያውን ከማን እንደተማረ፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ ነው። «በኮንሰርቫቶሪ ተምሬያለሁ» ከማለት «ከአባቴ ሥር ሆኜ በሠርግ በተዝካሩ ተጫውቼ ነው የተማርኩት» ማለት እዚህ ያሸንፋል፤ በሌሎች መስኮቶች ተቃራኒው ነው።

የሽያጭ ታክስ ለጥበብ የሚመድቡ ስቴቶችና አካባቢዎች ደግሞ ከሁሉ የተሻለ የማይናወጥ ምንጭ አላቸው። ዴንቨር ዙሪያ ያሉ ሰባት ካውንቲዎች ነዋሪዎች በ1988 ድምፅ ሰጥተው ከእያንዳንዱ 10 ዶላር ግዢ አንድ ሳንቲም ለባህል መድበዋል። ትንንሽ ማኅበራት በሦስተኛው እርከን ይመደባሉ፤ የሚወስነውም የየካውንቲው የባህል ምክር ቤት ነው። ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ሦስት ካውንቲ ላይ የተዘረጋች ከተማ ስለሆነች ማኅበሩ ኦሮራ ነኝ ቢል አይበቃም፤ አራፓሆ ይሁን አዳምስ ቀድሞ ይጣራ። ሚኒሶታ ደግሞ በ2008 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ በሽያጭ ታክሷ ላይ የአንድ በመቶ ሦስት ስምንተኛ ጭማሪ አወጣች፤ ከዚያ ውስጥ 19.75 በመቶው ለኪነ ጥበብና ለባህል ቅርስ ነው። ከ100 ዶላር ግዢ ሰባት ሳንቲም ተኩል ገደማ መሆኑ ነው፤ እስከ 2034 ይቀጥላል። 11 ክልላዊ የጥበብ ምክር ቤቶች ስላሏት የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ማኅበራት ሜትሮ ክልሉን ብቻ ይጠይቃሉ፤ ከገጠሩ ጋር አይሻሙም።

የ501(ሲ)(3) ወረቀት የሌላቸው ማኅበራት ወረቀት ባለው ድርጅት ጥላ ሥር በስቴትና በከተማ ደረጃ ማመልከት ይችላሉ፤ ድርጅቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይቆርጣል። ያንን መቶኛ በጀቱ ውስጥ አስቀድማችሁ ጻፉ። ወደ ፌደራሉ የምትሄዱ ከሆነ ሳም በሚባለው የፌደራል መንግሥት ድረ ገጽ ላይ መመዝገብ ግዴታም ነጻም መሆኑን አትርሱ፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ኢሜይል ከመጣ ከመንግሥት አይደለም። ምዝገባው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ በየዓመቱም ይታደሳል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው አዝማሪ

ከድጎማው ይልቅ በጀቱን የሚያናጋው ብዙ ጊዜ ይህ ረድፍ ነው። ነዋሪ ላልሆነ አርቲስት ሲከፈል አራቱም አገሮች ግብሩን ከፋዩ ቆርጦ እንዲያስገባ ያስገድዳሉ። ጀርመን ሶሊዳሪቲ የሚባለውን የግብር ጭማሪ ደምሮ 15.825 በመቶ ነው፤ በአንድ ትርኢት እስከ 250 ዩሮ ድረስ ነጻ ነው። ለ3,000 ዩሮ ክፍያ 474.75 ዩሮ ይቆረጣል። ፈረንሳይ 15 በመቶ ነው። እንግሊዝ 20 በመቶ ቢሆንም በግብር ዓመቱ ለአርቲስቱ የሚከፈለው ከ12,570 ፓውንድ ካላለፈ አይቆረጥም፤ ለእንግዳ ተጫዋች ከሁሉ የምትቀለው እሷ ናት። አሜሪካ 30 በመቶ ነው። «3,000 እንከፍልሃለን» ብሎ በስልክ መስማማት፣ በእጁ የሚገባው ነው ወይስ ከግብር በፊት የሚለውን ካልለየ፣ ኤርፖርት ላይ ጠብ ያመጣል። ማኅበሩ ሳይቆርጥ ሙሉውን ከከፈለ ደግሞ ግብር ቢሮው የሚመጣው ወደ ማኅበሩ ነው።

ሁለት ሌሎች በሮች

ስዊድን ከ2011 ጀምሮ ከፌደሬሽን ውጭ ያለ አገር ሥልጣኑን እንዴት ወደ ክልል እንደሚያወርድ የምታሳይ ናት፤ መንግሥት ለየክልሉ በድምር ይሰጣል፣ ክልሉ ያከፋፍላል። ስቶክሆልም ብቻ በዚህ አሠራር ውስጥ የለችም፤ ብዙ ሐበሻ ደግሞ እዚያ ይኖራል፤ ስለዚህ በሌላ ከተማ ያለ ወዳጅ የሰጣችሁ ምክር እዚያ ላይሠራ ይችላል። ለጀማሪ ቡድን የጥናት ማኅበራት (የአዋቂዎች ትምህርት የሚያካሂዱ ድርጅቶች)፣ ለምሳሌ በ1912 የተመሠረተው አቤኤፍ፣ ክፍልና አነስተኛ ወጪ ይሸፍናሉ።

እስራኤል ውስጥ ድጋፍ የሚሰጠው አስቀድሞ በታተመ መስፈርት ነው፤ መሠረቱ የ1985ቱ የበጀት ሕግ ነው። ማኅበሩ «ኒሁል ታኪን» የሚባለውን የመልካም አስተዳደር ማረጋገጫ ከመዝጋቢው ማውጣት አለበት፤ ያ ወረቀት ለአዲስ ማኅበር ወዲያው አይሰጥም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማረጋገጫ ካለው ተቋም ጋር ተጣምሮ መሥራት ይሻላል፤ በኢየሩሳሌም ሁሉገብ የተባለው የቤተ እስራኤላውያን የጥበብ ፌስቲቫል ኮንፌዴሬሽን ሀውስ በተባለ የባህል ማዕከል ሥር መካሄዱ ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው።

ታዲያ የቱ ለማን?

ብቻውን ለሚሠራ ከያኒ የመጀመሪያ ድጎማ የሚቀለው እንግሊዝ ነው፤ ድርጅት አይጠየቅም፣ አቻ መዋጮው ትንሽ ነው። ኑሮውን በሙያው ለመግፋት ለሚያስብ ግን ፈረንሳይና ጀርመን ይበልጣሉ፤ የሚበልጡትም በድጎማ ሳይሆን በ507 ሰዓቱና በማኅበራዊ ዋስትናው ነው። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ማኅበር አሜሪካ ውስጥ ከአቻ መዋጮ ይልቅ የካውንቲውን ትንሽ ድጋፍ ይያዝ፤ 3,000 ዶላር በአግባቡ አወራርዶ ማሳየት ለቀጣዩ 10,000 ማስረጃ ይሆናል። ቀብድ የሚከፍልበት ተቀማጭ የሌለው ማኅበር ጀርመን ውስጥ ጉድለት መሙያ ድጎማ ከመቀበሉ በፊት ሁለቴ ያስብ።

ጊዜውን ከኮንሰርቱ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ኮንሰርቱ ሰኔ ላይ ከሆነ ትምህርቱ ጥር ይጀምራል። የጀርመን ከተሞችና የፈረንሳይ ድራኮች አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻ የሚዘጉት በቀደመው ዓመት መጸው ላይ ነው፤ ስለዚህ በጀቱ ነሐሴ ላይ ተጽፎ ማለቅ አለበት። እንግሊዝ ከማመልከቻ እስከ ውሳኔ ሁለት ሦስት ወር ያዙ። የገንዘብ ገደቦቹ በየዓመቱ ስለሚሻሻሉ የዘንድሮውን መመሪያ ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አውርዱ እንጂ ባለፈው ዓመት ወዳጅ የላከላችሁን ፋይል አትመኑ።

አንድ የኛ ብቻ የሆነ ጣጣ ደግሞ አለ። የማኅበሩ ስም በላቲን ፊደል በምዝገባው ላይ አንድ ዓይነት፣ በባንኩ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ አንዱ ላይ «ኤስ» ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ላይ አንድ ጊዜ። ኮምፒውተሩ ሁለት ድርጅት ብሎ ያየዋል። የአርቲስቱም ስም እንዲሁ ነው፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወሰድና ፓስፖርቱ ላይ ያለው አያት ተጨምሮ ውሉ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ማመልከቻውን ከመክፈታችሁ በፊት የምዝገባ ወረቀቱን፣ የባንክ ደብዳቤውንና የአዝማሪውን ፓስፖርት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ካልገጠመ ባንኩን ማስተካከል ከግብር ቢሮ ይቀላል።